ሁለተኛው ገጽ

ቫልፓራይሶ ነኝ፤ ከወደቡ በላይ፣ ኮረብታው ወገብ ላይ፣
ጠባብ ፋርማሲ አለኝ፣ መስኮቷ መርከብ የምታይ።
ኖልፋ ማክሰኞ መጣች፣ ጉሙ ደረጃውን ሲውጥ፣
ደረቷ ላይ መርፌ እንደሰካች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ።
ሰፊ ናት ኖልፋ፤ በእጇም ሰፊ፣ በወገቧም ሰፊ፤
የኮረብታውን ሴት ሁሉ ልክ በደብተሯ ጸሐፊ።

ከቦርሳዋ አወጣች፣ በፎጣ የተጠቀለለ
እስክሪብቶ የሚመስል መርፌ፣ ግማሹ የጎደለ።
«የጎረቤቴ ነው፤ አልተስማማትም፤ ሰጠችኝ ያለ ዋጋ፤
የልጄ ሠርግ ስድስት ሳምንት ቀረው፤ የት እንደሆነ አሳየኝና ልወጋ።»

«አስቀምጪው» አልኳት። «ጫፉ ቢቀየርም፣ በሆዱ ውስጥ ያለው
የሌላ ሰው ደም ሊሆን ይችላል፤
መርፌ እንደ ጥርስ ቡሩሽ ነው፤ ጎረቤት አይዋሰው።
ደግሞም ያለ ሐኪም ቃል አይሆንም።» ፊቷ ጠቆረ።
እኔም ነጋዴ ነኝ፤ አልዋሽም፤
የዚህ መድኃኒት አንድ ካርቶን የወር ኪራዬን በከፈለ ነበረ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚል ሰው ቢኖር፣
ሁለቱም እኔ ነኝ፤ ለሐኪሟ የምትወስደውን ቅጽ ዘረጋሁ፣ ከመነጽሬ ሥር።

የመጀመሪያው ገጽ ቀላል ነው፤ ቁመት፣ ክብደት፣ ዕድሜ፤
«ክኒን ትወስጃለሽ?» «አንዲት፣ ጠዋት፤ ስኳር አለብኝ በደሜ።»
«ይህን እንዳትደብቂው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ስኳርሽን ቁልቁል ይጥሉታል፣
ገመዱ እንደተበጠሰ አሳንሰር።»
እሷ ግን ሌላ ጠየቀች፦ «ስንት ኪሎ ያስጥላል?»
«ቆሽትሽ ታሞ ያውቃል?» «ቆሽቴን ያሳረረው አንድ ባሌ ብቻ፤
እሱም ሞቷል» አለች። ሳቅን። ያቺ ነበረች የሳቃችን መቋጫ።

ሁለተኛው ገጽ። መስመር አራት።
«ከዘመዶችሽ መሃል፣ የአንገት ዕጢ ካንሰር የነበረበት?»

«የለም» አለች ቶሎ። ብዕሬ ገና ሲነካ ሳጥኑን፣
ጣቷ አንገቷ ላይ ወጣ፣ እንደምትለካ የኮሌታ ልኩን።

«አክስቴ ዙሌማ» አለች፣ «አስፋልቱ በሚቀልጥበት በጋ
ሻርፕ አትፈታም ነበር፤ ሲመሽም፣ ሲነጋ።
አረንጓዴ ሐር፤ ጠርዙን በልጅነቴ እኔ ነኝ የዘመዘምኩላት፤
ፋሽን ይመስለኝ ነበር፤ ‹ታምራለች› እል ነበር፣ ሳያት።
አንድ ቀን ተንሸራተተ። ካንገቷ ሥር፣ ከጎን እስከ ጎን፣
ስፌት አየሁ፤ ቸኩሎ የሰፋው ሰው ያልተኮሰውን።
እናቴ ክንዴን ቆነጠጠች፤ ‹ልጅ እንዲህ አይጠይቅም።›
በመስከረም ድምጿ ሻከረ። በኅዳር ቀበርናት።
የበሽታውን ስም የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም።»

አንድ መርከብ ጮኸ ከታች። ሁለታችንም ዝም።
«አንገት ላይ የሚወጣ ሁሉ አንድ አይደለም» አልኳት፤ «አላስፈራራሽም፤
አንደኛው ዓይነት ግን በዘር ይወርዳል፤ እሱ ካለ
ይህ መርፌ ላንቺ አይደለም፣ ሠርግ ቢኖርም፣ ቀሚሱ ቢጠብም፣ ጊዜው ቢቸኩልም።
የዙሌማ የቱ ነበር? ስሙ ያለው ከወረቀት ላይ ነው፤
የሰፈር ወሬ አይተካውም፤ የእኔም ግምት አይተካው።»

አንቶፋጋስታ ላለችው የአክስቷ ልጅ ደወለች፣ ከኔው ስልክ፤
«ሻርፗማ አለ» አለች ሴትዮዋ፤ «ወረቀቱን እኔ እንጃ፤ ሆስፒታሉ ይጠየቅ።»

መርፌውን ቢጫው የቆሻሻ ሣጥን ውስጥ ጣልኩት።
ኖልፋ ሳትሰናበተኝ ወጣች፤ በደረጃው ሲቆጠር ሰማሁት
ኮቴዋ፤ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት፣ ከዚያ ጉም።

ሠርጉ አለፈ። ፎቶውን አሳይታኛለች፦
ሰማያዊ ቀሚስ፣ ጎኑን ሁለት ጣት አስፍታዋለች፤ አንገቷ ላይ ምንም።
መዝገብ ቤቱ እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠም።
የቅጹ ግልባጭ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ አራተኛው መስመር ላይ
አንዲት የቀለም ነጥብ፣
መርፌ ነክቶ የተወው ቀዳዳ መስላ የምትታይ።